ጠቀስ ማድረግ

ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ውስጥ 30 ዓመት ያህል አማርኛ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ጠቃሽ ዘይቤ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼ ትርጉሙን ሸምድደው ይመጡ ነበር። ታሪክን፣ ሃይማኖትን ወይም የታወቀ ሰውን በማንሳት ሐሳብን መግለጽ ነው ይሉኛል። ልክ ነው፣ ፈተና ላይም ያስቆጥራል። ቃሉን ራሱን ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው።

«ጠቀሰ» በሉ እስቲ። ሰው በተሰበሰበበት ጓደኛችሁን በዓይናችሁ ጠቀስ ታደርጉታላችሁ። ለእሱ ይገባዋል፣ ትርፍ ቃል አያስፈልግም። ወጥም በእንጀራ ይጠቀሳል። ጫፉን ነከር፣ ጣዕሙ ግን ሙሉ ነው። «የኢዮብ ትዕግሥት» ስትሉ የልጆቹን ሞት፣ የንብረቱን መውደም፣ የገላውን ቁስል አትተርኩም። ያንን የሚሞላው ሰሚው ነው። «ይሄ ለእኔ አድዋዬ ነው» ብትሉም 1888 ዓ.ም. ተራራውን ይዞ ይመጣል።

ሌሎቹን ጎረቤት ቃላት አትቀላቅሉብኝ። ጥቅስ የሌላውን ቃል እንዳለ ማምጣት ነው። ሰምና ወርቅ በአንድ አነጋገር ሁለት ፍቺ ይዞ ይሄዳል። በጣም የሚያሳስተው አሽሙር ነው። አንዱ አርፍዶ ሲገባ ወደ ሌላ ሰው ዞር ብለው «አንዳንድ ሰው ቤት ሰዓት የለም መሰል» ይላሉ። እሱም በተዘዋዋሪ ነው፣ እሱም ለሚያውቅ ነው። ግን ለመውጋት የተባለ ነው። ጠቃሽ ዘይቤ የጋራ የሆነውን ያወጣል እንጂ ሰው አይወጋም።

የጋራ የሆነው ምንድን ነው? እኔ ይሄን ለመማር ቆይቻለሁ። ወጣት መምህር ሳለሁ እዚያው ድሬ መጋላ ሰፈር ለቅሶ ሄድን። ልጇ የሞተባት እናት ሙስሊም ናት። አማርኛዬን ላሳምር ብዬ «የራሔልን እንባ ያበሰ አምላክ ያንቺንም ያብስልሽ» አልኳት። «አሜን» አለችኝ፣ ዓይኗ ግን ምንጣፉ ላይ ነበር። ራሔል፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ልጆቿ ያለቀሰችው እናት፣ ማን እንደሆነች አላወቀችም። ለምን ታውቃለች? አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ቀስ ብለው «ለአዩብ ሰብር (ትዕግሥት) የሰጠ ጌታ ለአንቺም ይስጥሽ» አሏት። ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ነው እንባዋ የመጣው። ኢዮብ በመጽሐፍ ቅዱስ፣ አዩብ በቁርኣን። ሰውየው አንድ ነው። ሽማግሌው ሁለታችንም የምናውቀውን በር አንኳኩ።

ድሬም ሐረርም እንዲህ ናቸው፤ አንዱ ግቢ ውስጥ ስንት ቋንቋ፣ ስንት ጸሎት አለ። ስለዚህ ስትጽፉም ስትናገሩም ፊት ለፊታችሁ ማን እንዳለ እዩ።

ከተማዋም የራሷ አላት። አንድ ተማሪዬ ስለ ቤተሰብ ጠብ ሲጽፍ «ዝምታችን ደቻቱ ሆነ» ብሎ ጻፈ። ደቻቱ ድሬን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ነው፤ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ክረምት ግን ሰው በተኛበት ሌሊት ሞልቶ መጣ፣ ብዙ ሰው ጨረሰ። ለጎንደር አንባቢ ማብራሪያ ይፈልጋል። ለእኛ ሦስቱ ቃላት በቂ ናቸው። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። ለክፍሉ እንዲያነበው ግን አላደረግኩም። ሦስተኛው ወንበር ላይ በዚያች ሌሊት አባቷን ያጣች ልጅ ትቀመጥ ነበር።