ዝርዝሮቹን አታጥፏቸው

እህቴ፣ «ስም ብቻ የተደረደረባቸው ገጾች አማርኛ ዊኪፔዲያ ላይ ምን ይሠራሉ? መደብ (በአንድ ርዕስ ሥር ያሉ መጣጥፎችን የሚሰበስበው ማውጫ) እያለ ለምን አይጠፉም?» ብለሽ ጠይቀሻል። አማርኛው ላይ ለዓመታት ስለጻፍኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በእኔ እምነት ሊኖሩ ይገባል። እንደ እኛ መጣጥፍ ያነሰበት ዊኪፔዲያ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጉታል።

መደብ የሚያሳይሽ የተጻፈውን ብቻ ነው። ገጽ ያልተከፈተለት ነገር እዚያ አይገባም። የገባውም በፊደል ተራ ይሰለፋል እንጂ ስለ ራሱ ምንም አይነግርሽም። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የኢትዮጵያ ቦታዎች እንይ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች በ1978 ገቡ። በ1979 ፋሲል ግቢ ተከተለ። በ1980 አክሱም፣ ጢያ፣ የታችኛው አዋሽና የታችኛው ኦሞ በአንድ ዓመት ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ ሐረር ጀጎል በ2006 እስኪገባ ድረስ ምንም የለም። 26 ዓመት ሙሉ! ገጾቹን ለየብቻ ስታነቢ ይህ ክፍተት ዓይንሽ ውስጥ አይገባም። በዝርዝር ሲቀመጡ ግን ወዲያው «ለምን?» ትያለሽ።

ደግሞ ቀይ ስሞቹ አሉ። ዝርዝር ውስጥ ማያያዣ የተደረገለት ስም ገጽ ከሌለው በቀይ ይታያል። አዲስ ጸሐፊ «ከየት ልጀምር?» ሲለኝ እንዲህ ያለ ዝርዝር ነው የምሰጠው። የቀረውን ሥራ በዓይኑ ያየዋል።

ተረትና ምሳሌዎቻችንንም አስቢ። ብዙዎቹ ለየብቻ ገጽ ተከፍቶላቸዋል። ገጹን ስትከፍቺው ግን ምሳሌው ራሱ አለ፣ የአማርኛ ምሳሌ መሆኑ ተጽፏል፣ አለቀ። ይህን መጣጥፍ ማለት ይከብደኛል። ትርጉማቸው አጠገባቸው እየተጻፈ በአንድ ዝርዝር ቢሰበሰቡ አንባቢ ይጠቀማል።

ሁሉም ዝርዝር ይቆይ እያልኩ ግን አይደለም። «ታዋቂ ኢትዮጵያውያን» የሚል ገጽ ይጥፋ ብትዪ ከአንቺ ጋር ነኝ። ታዋቂ የሚባለው ማን ነው? ሁሉም የሚወደውን ሰው ይጨምራል፣ ከዚያ ውይይት ገጹ ላይ ጭቅጭቅ ነው። «በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኙ ኢትዮጵያውያን» ግን ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ከአበበ ቢቂላ ይጀምራል፣ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለውን ውጤቱ ይወስነዋል።

በጣም የሚያሳስበኝ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የነገሥታት ዝርዝር ላይ አንዱ መስመር በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ሲጻፍ ታሪኩ ይዛባል። አፄ ቴዎድሮስ የነገሡት በ1847 ዓ.ም. ነው፣ እ.ኤ.አ. 1855። ከታች አፄ ምኒልክ «1889» ተብለው በፈረንጅ ቢቀመጡ፣ በሁለቱ ንግሥ መካከል ያለው 34 ዓመት 42 ይሆናል። ተማሪ ይህንኑ ገልብጦ ይሄዳል። ስለዚህ ለሁለቱም አቆጣጠር የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው፣ ከእያንዳንዱ መስመር ጎንም ምንጭ ይግባ።

ዝርዝር ቶሎ ያረጃል፣ ይህም እውነት ነው። የቅርሶቹን ዝርዝር ኮንሶ እ.ኤ.አ. በ2011 ከገባ ወዲህ የነካው ከሌለ፣ የ2023ቱ ጌዴኦና ባሌ፣ የ2024ቱ መልካ ቁንጥሬ ይጎድሉታል። እንዲህ ያለ ገጽ ካገኘሽ የማጥፊያ ምልክት ከመለጠፍሽ በፊት የጎደለውን ጨምሪበት። ጊዜ ካጣሽም ውይይት ገጹ ላይ ጻፊው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።