ገና ያልበረረ ገንዘብ

ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ ወደ አየር መንገድ ሥራ የምትመጡት አውሮፕላን ስለምትወዱ ነው። አልፈርድባችሁም፤ እኔም የገባሁት በዚያው በር ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን አውሮፕላን በማይታይበት ክፍል፣ ሒሳብ ሳመሳክር ነው። ስለ ሰማዩ የሚነግራችሁ አታጡም። እኔ የማውቀው ገንዘቡን ስለሆነ ስለ እሱ ልጻፍላችሁ። አብራሪም ሁኑ መካኒክ፣ ቲኬት ሻጭም ሁኑ አስተናጋጅ፣ እንጀራችሁን የምታገኙበት ቤት በምን እንደሚኖርና በምን እንደሚሞት ብታውቁት አይከፋም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። አንድ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ለሚሄደው ጉዞ ዛሬ ቲኬት ይቆርጣል። ገንዘቡ ዛሬውኑ ባንክ ይገባል። መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን በዕዳ ዓምድ ነው፤ ገቢ የሚሆነው ሰውየው ተሳፍሮ አውሮፕላኑ ሲበር ነው። እስከዚያ ድረስ አየር መንገዱ የሰው ገንዘብ ይዟል ማለት ነው። ችግሩ ባንክ ያለ ገንዘብ ስም አልተጻፈበትም። የነዳጅ ሒሳብ ሲመጣ ከእሱ ይከፈላል፤ ደመወዝ ሲደርስም ከእሱ ይከፈላል። በዚህ አኳኋን የከርሞው ተሳፋሪ የአምናውን ነዳጅ ሲከፍል ይኖራል። ሽያጭ እስካልቆመ ድረስ ማንም አይጎዳም፤ ጤነኞቹም የሚኖሩት እንዲሁ ነው። የታመመ አየር መንገድ ግን በዚህ ገንዘብ ሕመሙን ረጅም ጊዜ ደብቆ ሊቆይ ይችላል። አዲስ የተሾመ አለቃ የባንኩን ሒሳብ አይቶ ደረቱን ሲነፋ «ያልበረረው ስንት ነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር። አይወደድልኝም ነበር።

አየር መንገዶች የሚወድቁበትን ወር ብታስተውሉ ነገሩ ይገባችኋል (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የእንግሊዙ ሞናርክ የተዘጋው ኦክቶበር 2 ቀን 2017 ነው። ቶማስ ኩክ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2019 ወደቀ፤ የፈረንሳዩ ኤግል አዙርም በዚያው ወር በረራ አቆመ። አውሮፓ ውስጥ ሰው ለእረፍት የሚወጣው በበጋቸው፣ ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ነው። የቲኬቱ ገንዘብ ቀደም ብሎ ተሰብስቧል። ኦገስት ሲያልቅ ግን የዚያ ሁሉ በረራ የነዳጅ፣ የኤርፖርትና የኪራይ ሒሳብ በአንድነት ይደርሳል፤ ለሚቀጥለው የቅዝቃዜ ወቅታቸው ቲኬት የሚቆርጠው ደግሞ ጥቂት ነው። አውሮፕላኖቹ ጢም ብለው ሲበሩ ከርመው፣ ተሳፋሪ ገና ከባሕር ዳርቻ ሳይመለስ ኩባንያው ይዘጋል። ጋዜጣው «በድንገት» ይላል። ሒሳብ ክፍል ያሉት ግን ከፀደይ ጀምሮ ያውቁታል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ቲኬቱ በካርድ ሲገዛ መሐል ላይ የካርድ ክፍያውን የሚያስተላልፍ ድርጅት አለ። አየር መንገዱ ሳያበር ቢዘጋ ለተሳፋሪው የሚመልሰው እሱ ስለሆነ ጥርጣሬ ሲገባው ገንዘቡን «በረራው እስኪፈጸም እዚሁ ይቆይ» ብሎ ይይዛል። ለአየር መንገዱ ይህ ትንፋሽ ማጣት ነው። የአሜሪካው ፍሮንቲየር በኤፕሪል 2008 ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት የሮጠው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ደርሶት ነው። አውሮፕላን አልወደቀበትም፤ ሠራተኛ አልተነሳበትም፤ ያልበረረው ገንዘብ ሊታገድበት መሆኑን ሰማ፤ በቃ። ፍርድ ቤቱ ጥላ ስለሆነው መብረሩን ቀጠለ።

ለመሆኑ አውሮፕላኑ ሞልቶ እያየነው ገንዘቡ ለምን ያጥራል? ለማቅለል ምሳሌ ላስላላችሁ። 180 መቀመጫ ያለው አውሮፕላን ለአንድ በረራ ሁሉም ተደምሮ 18,000 ዶላር ያስወጣል እንበል። አማካይ የቲኬት ዋጋ 120 ዶላር ከሆነ ወጪውን ለመሸፈን 150 ሰው ያስፈልጋል፤ የሚተርፈው ከቀሩት 30 መቀመጫዎች ነው። ተፎካካሪ መጥቶ 110 ቢያደርገውና ብትከተሉት 164 ሰው ያስፈልጋችኋል። የወረደው አሥር ዶላር ነው፤ ትርፍ ሊያመጡ ከሚችሉት መቀመጫዎች ግን ግማሽ ያህሉ ሄዱ።

አለመከተል አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ግን በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ ሲንቀሳቀስ ባዶ የነበረ መቀመጫ ወደ መጋዘን አይመለስም፤ ነገ አይሸጥም። አንድ ሰው ቢጨመርበት ደግሞ የሚያስወጣው ጥቂት ነዳጅ፣ አንድ ሻይና የኤርፖርት ክፍያ ነው። እንግዲህ ዋጋ የሚወስነው ልጅ ማታ ስክሪኑ ላይ 40 ባዶ መቀመጫ እያየ ተቀምጧል። በ50 ዶላር የሚገዛ ሰው ቢገኝ ከባዶው ይሻላል፤ ያወርዳል። የተፎካካሪው ልጅ ጠዋት ገብቶ ያያል፤ እሱም በዚያው ስሌት ያወርዳል። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። በወሩ መጨረሻ ሁለቱም ቤቶች ሒሳባቸውን በኪሳራ ይዘጋሉ። ይህን ስብሰባ ብዙ ጊዜ ተቀምጬበታለሁ፤ ጥፋተኛ ፍለጋ ይያዛል፤ ጥፋተኛ ግን የለም።

አሜሪካ ውስጥ እስከ 1978 ድረስ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ማን የት እንደሚበር፣ ስንት እንደሚያስከፍል የሚወስን የመንግሥት ቦርድ ነበር። በዚያ ዓመት ሕጉ ተለወጠና ገበያው ተከፈተ። ብራኒፍ በ1982 ተዘጋ። ኢስተርን በጃንዋሪ 1991፣ ፓን አም በዚያው ዓመት ዲሴምበር 4 ተከተሉ። ፓን አም ማለት በዘመኑ የአሜሪካ ሁለተኛ ባንዲራ ማለት ነበር። የድሮው ይሻል ነበር የሚሉ የእኔ ዘመን ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። በድሮው ሥርዓት የሚበረው ሀብታም ነበር፤ ዛሬ ደሃ እናቱን ለማየት ይበራል። የሚጎዳው ግን የእናንተ ቤት እንደሆነ አትርሱ።

ከዚያ ዘመን አንዱ ፉክክር ደጋግሞ መጠናት አለበት እላለሁ። ፒፕል ኤክስፕረስ የተባለ አየር መንገድ በ1981 ከኒውአርክ ተነስቶ በሚያስደነግጥ ርካሽ ዋጋ ገበያውን አናወጠው። ትልልቆቹ እሱን ተከትለው ሁሉንም መቀመጫ ቢያረክሱ ወጪያቸው ከባድ ስለነበር ይሞታሉ። በጃንዋሪ 1985 በሮበርት ክራንዳል የሚመራው አሜሪካን ኤርላይንስ ሌላ መንገድ አመጣ። ዋጋውን ከፒፕል እኩል አወረደ፤ ግን ለተወሰኑ መቀመጫዎችና ቀድሞ ለሚገዛ ብቻ። የቀሩትን በመጨረሻው ሰዓት ለሥራ ለሚጓዘውና ዋጋ ለማይከራከረው ሰው አስቀመጠ። የትኛው በረራ ላይ ስንት መቀመጫ በርካሽ ይሂድ የሚለውን ኮምፒውተር ያሰላ ነበር። ፒፕል ይህን የሚያሰላበት ሥርዓት አልነበረውም። በላዩ ላይ በፍጥነት ሲያድግ የተሸከመው ዕዳ ነበረበት። በ1987 መጀመሪያ ስሙ ከገበያ ጠፋ። አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ለምን እጥፍ የተለያየ ዋጋ እንደከፈሉ ተሳፋሪ ሲቆጣባችሁ፣ መነሻው ይህ ነው።

በሌላ ንግድ የከሰረ ይወጣል፤ ለቀረው ቦታ ይለቃል። እዚህ ብዙ ጊዜ አይወጣም። በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ምዕራፍ 11 መሠረት አንድ ኩባንያ እየበረረ ዕዳውን፣ የአውሮፕላን ኪራዩንና የሠራተኛ ውሉን እንደገና ይደራደራል። ዩናይትድ በዲሴምበር 2002 ገብቶ በ2006 ወጣ። ዴልታና ኖርዝዌስት በአንድ ቀን፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2005 ገቡ። ሲወጡ ወጪያቸው ቀሏል። ያልከሰረው አሜሪካን ኤርላይንስ ግን የድሮ ወጪውን ተሸክሞ ከእነዚህ ጋር ሲፎካከር ቆየና በኖቬምበር 2011 እሱም ገባ። መዋሃዱ የበረታውም በእነዚያ ዓመታት ነው፤ ዴልታ ኖርዝዌስትን፣ ዩናይትድ ኮንቲኔንታልን ጠቀለሉ፤ አሜሪካንም ከዩኤስ ኤርዌይስ ጋር ሆኖ በ2013 መጨረሻ ወጣ። በሌሎች አገሮች ደግሞ መንግሥት ባንዲራዬ ይውደቅ አይልም፤ ገንዘብ ያፈስበታል። በ2020 ጀርመን ለሉፍታንዛ የ9 ቢሊዮን ዩሮ ድጋፍ አዘጋጅታ ነበር። ይህን አላወግዝም፤ ግን እርዳታ ሳያገኝ የሚኖር ተፎካካሪ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

የአሜሪካውን ሳውዝዌስት ሳላነሳ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። ከ1973 እስከ 2019 በየዓመቱ አተረፈ፤ በዚህ ሥራ ተአምር ነው። ሰው ምስጢሩን ፈገግታቸው ውስጥ ይፈልጋል። እኔ መሬት ላይ እፈልገዋለሁ። በ1972 ገንዘብ አጥሮት ከአራት አውሮፕላኖቹ አንዱን ሸጠ፤ የበረራ ፕሮግራሙን ግን በሦስቱ ለመሸፈን አውሮፕላኑ ካረፈ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መልሶ የማስነሳት ልማድ አወጣ። አውሮፕላን ቆሞም ኪራይ ይከፈልበታል። ራምፕ ላይ፣ አውሮፕላኑ በሚቆምበት ሜዳ የምትሠሩ፣ የእናንተ አምስት ደቂቃ ከአንዳንድ የቦርድ ውሳኔ ይበልጣል።

ነዳጅ ከወጪው ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ይወስዳል። በጁላይ 2008 ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል 147 ዶላር ደረሰና ዓመቱ ሳያልቅ ከ40 በታች ወረደ። ውድ በነበረበት ሰሞን ዋጋ በውል ያሰሩ፣ ሲረክስ በውድ መግዛት ግዴታቸው ሆነ። የነዳጅ ዋጋ አውቃለሁ የሚል አማካሪ ሲመጣባችሁ በትሕትና አድምጡት፤ ፊርማውን ግን አዘግዩት። ከነዳጁ በላይ ዝም ብሎ የሚበላው ምንዛሬ ነው። ነዳጁ፣ የአውሮፕላኑ ኪራይና መለዋወጫው የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ቲኬቱ የሚሸጠው በአገር ገንዘብ። የእንግሊዙ ሌከር ከ1977 ጀምሮ አትላንቲክን በርካሽ ያሻግር ነበር። አውሮፕላኖቹን በዶላር ብድር ገዛ፤ ፓውንድ ሲወርድ ዕዳው ሳይበደር አደገ። በፌብሩዋሪ 1982 ተዘጋ።

ኮሮና የመጣበት 2020 ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት አሳየን። የዓለም አየር መንገዶች ከ130 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የቆሙትን አውሮፕላኖች ነው። ሒሳብ ክፍል የነበርን የምናስታውሰው ግን «ገንዘቤን መልሱ» የሚለውን ማመልከቻ ነው። ሽያጩ ቆመ፤ ያልበረረው ገንዘብ በሙሉ በአንድ ጊዜ ተጠየቀ፤ ገንዘቡ ደግሞ ባለፈው ነዳጅ ሄዷል። ብዙዎቹ በጥሬ ገንዘብ ፋንታ ለሌላ ጊዜ ጉዞ የሚሆን ቫውቸር ሰጡ። ዩናይትድ ደንበኞቹ በበረሩ ቁጥር ነጥብ የሚያጠራቅሙበትን የማይል ፕሮግራም መያዣ አድርጎ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። አበዳሪዎች ከአውሮፕላኑ ይልቅ የማይሉን ካርድ ማመናቸው ብዙ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ገበያው ተመልሷል፤ በ2024 ኢንዱስትሪው ከአንድ ተሳፋሪ ያተረፈው ግን ከ6 እስከ 7 ዶላር ነው። ለሰዓታት የዘገየ በረራ ይህን በምሳ ኩፖን ይጨርሰዋል።

አሁን ስለ እናንተ። ሥራ ስትይዙ ስለ ዩኒፎርሙና ስለ ነፃ ቲኬቱ ከመጠየቃችሁ በፊት የታተመውን የሒሳብ ሪፖርት ክፈቱ። ያልበረረውን ቲኬት ከጥሬ ገንዘቡ ቀንሱና የቀረው የስንት ወር ወጪ እንደሚሸፍን እዩ። ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ዓይናችሁ ይክፈት። ነዳጅ አቅራቢው ቀድሞ በዱቤ ይሰጥ የነበረውን በቅድሚያ ክፍያ ካደረገው፣ ከአንዱ አውሮፕላን ዕቃ ተፈትቶ ለሌላው መግጠም ከተለመደ፣ ደመወዝ «በሚቀጥለው ሳምንት» ከተባለ፣ ወሬውን ከቴሌቪዥን አትጠብቁ። የሕንዱ ጄት ኤርዌይስ በኤፕሪል 2019 ከመቆሙ በፊት የአብራሪዎች ደመወዝ ለወራት ዘግይቶ ነበር፤ አከራዮችም አውሮፕላኖቻቸውን እየወሰዱ ነበር።

ቁጠባችሁን በተመለከተ ምክሬ ጥብቅ ነው። የዩናይትድ ሠራተኞች በ1994 ደመወዛቸውን ቀንሰው የኩባንያውን 55 በመቶ አክሲዮን ያዙ። የራሳችን ቤት ነው ብለው ደስ አላቸው። ኩባንያው በ2002 ወደ ኪሳራ ሲገባ አክሲዮኑ ዋጋ አጣ። በ2005 ደግሞ የጡረታ ፈንዳቸው ዕዳ ወደ መንግሥታዊው የጡረታ ዋስትና ተላለፈ፤ ብዙዎቹ ከጠበቁት ያነሰ ጡረታ ተቀበሉ። አንድ ሰው ደመወዙን፣ አክሲዮኑንና ጡረታውን በአንድ አየር መንገድ ላይ አስቀምጦ ሦስቱንም በአንድ ዘመን አጣ። ለኩባንያችሁ ሙሉ ጉልበታችሁን ስጡት። የምታጠራቅሙትን ግን ከአውሮፕላን ጋር ምንም በማይገናኝ ነገር ላይ አድርጉት፤ አክሲዮን በቅናሽ ቢያቀርቡላችሁም እንኳ ከቁጠባችሁ ጥቂቷን ብቻ።