መጀመሪያ ማን ፈረመ? ስለ ስውር ዘመቻዎች ቁጥጥር፣ ከጣና ዳር ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ጣና ዳር ካለ ዋርካ ሥር የምንሰበሰብ አንባቢዎች በየወሩ አንድ ሰው መሐል አስቀምጠን እንጠይቃለን። ያለፈው ወር ተራ የእኔ ነበር። ለረጅም ዓመታት ሕገ መንግሥት ስላስተማርኩ የተሰጠኝ ርእስ «መንግሥታት በምስጢር የሚያካሂዷቸውን ዘመቻዎች ማን ይፈቅዳል? ማንስ ይቆጣጠራል?» የሚል ነው። ፀሐይ ጠልቃ ወረቀት ማየት ሲያቅተን ያልተመለሱ ጥያቄዎች ስለቀሩ ሁሉንም እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። ከአገራችን አዋጆች በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መምህር፣ ስለላና ስውር ዘመቻ ያው አንድ አይደሉም?

አይደሉም። ሰላይ የሚፈልገው ማወቅ ነው፤ ስውር ዘመቻ የሚፈልገው መለወጥ ነው። አማፂ ማስታጠቅ፣ ለአንድ ፓርቲ ገንዘብ ማቀበል፣ ወሬ መንዛት፣ ይህን ሁሉ ደግሞ እጅን ሳያሳዩ ማድረግ ነው። የአሜሪካ ሕግ ሲተረጉመው በውጭ አገር የፖለቲካ፣ የኢኮኖሚ ወይም የወታደራዊ ሁኔታ ላይ ተጽዕኖ ለማሳደር የሚደረግ፣ የመንግሥቱ ሚና ግን በይፋ እንዳይታወቅ የታሰበ ሥራ ይለዋል።

እዚያ ማን ነው የሚፈቅደው?

ዛሬ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ነው፣ በጽሑፍ። እዚህ ለመድረስ ግን ብዙ ጥፋት አልፏል።

የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. በ1947 ሲቋቋም ሕጉ ስለ ስውር ዘመቻ በስሙ ጠርቶ የተናገረው ነገር አልነበረም። በ1948 የብሔራዊ ጸጥታ ምክር ቤቱ ያወጣው መመሪያ ዘመቻዎቹ ቢደረስባቸው እንኳ መንግሥት «አላውቅም» ብሎ መካድ እንዲችል ሆነው እንዲታቀዱ አዘዘ። ጣጣው የጀመረው ከዚህ ይመስለኛል። ነገ ሊካድ የታሰበ ነገር ዛሬ አይጻፍም። አለቃው በግልጽ አያዝም፣ የበታቹ በግልጽ አይጠይቅም፣ ሁለቱም በጥቅሻ ይግባባሉ።

በሴናተር ፍራንክ ቸርች የተመራው ኮሚቴ በ1975 የኮንጎውን የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር የፓትሪስ ሉሙምባን ጉዳይ መረመረ። ሲ.አይ.ኤ. በ1960 እርሱን ለመግደል መርዝ ወደ ኮንጎ መላኩን አረጋገጠ። መርዙ ሥራ ላይ አልዋለም፤ ሉሙምባ በጃንዋሪ 1961 በኮንጎዋ ካታንጋ ግዛት ውስጥ የተገደለው በሌሎች እጅ ነው። ሆኖም «ይገደል ያለው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ኮሚቴው የጠራ መልስ አላገኘም። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በተገኙበት ስብሰባ ላይ የተባለውን አንዱ ምስክር እንዲህ ነው ሲል ሌላው እንደዚያ አልተባለም ይላል። የአንድ አፍሪካዊ መሪ ነፍስ ለድርድር ቀርባ፣ ከሥሯ የማንም ፊርማ የለም። ይህን መጀመሪያ ባነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከምርመራው በፊት በ1974 የወጣ ሕግ ፕሬዚዳንቱ ዘመቻው ለአገሪቱ ደህንነት አስፈላጊ ነው ብሎ ካልወሰነና ለሚመለከታቸው ኮሚቴዎች ካላሳወቀ ለሥራው ገንዘብ እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር። ከምርመራው በኋላ ደግሞ ሴኔቱ በ1976፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ በ1977 ቋሚ የስለላ ጉዳዮች ኮሚቴ አቋቋሙ።

ሥራው ትክክል ከሆነ ፊርማው በኋላ ቢመጣ ምን አለበት?

የጠየቁን እናት በሰፈራቸው እድር ውስጥ ያገለግላሉ፤ ስለዚህ በእድር መለስኩላቸው።

እኔ ባለሁበት እድር ከዓመታት በፊት ድንኳን ተገዛ። ገንዘቡ ከባንክ የወጣው ማክሰኞ ነው። ቃለ ጉባኤው የተጻፈው በቀጣዩ እሑድ ሆኖ ሳለ ቀኑ «ሰኞ» ይላል። መዝገቡን ገልጬ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ገጹ ከሚቀጥለው የእሑድ ስብሰባ ጋር በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ነው። ድንኳኑ ጥሩ ድንኳን ነው፣ ዛሬም ለቅሶ እንቀመጥበታለን። ነገር ግን «ለምን ይህኛው? በስንት? ከማን?» የሚሉት ጥያቄዎች መነሣት በነበረባቸው ቀን አልተነሡም፤ እሑድ ቢነሡም ዋጋ የላቸውም፤ ድንኳኑ ተተክሏል።

በኖቬምበር 1985 የሆነውም ይኸው ነው። የአሜሪካ ሚሳይሎች በምስጢር ወደ ኢራን ተላኩ፤ ሲ.አይ.ኤ. በማጓጓዙ ረዳ፤ የፕሬዚዳንቱ የጽሑፍ ውሳኔ ግን አልነበረም። ፕሬዚዳንት ሬገን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያጸድቅ ሰነድ የፈረሙት በዲሴምበር ነው። ነገሩ በ1986 መጨረሻ ሲጋለጥ የጸጥታ አማካሪው ጆን ፖይንዴክስተር ያንን ሰነድ ቀደደው። ለፕሬዚዳንቱ ፖለቲካዊ ኀፍረት እንዳይሆን ብሎ እንዳጠፋው በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ ሕግ አውጪ በሆነው ኮንግረስ ፊት ቀርቦ መስክሯል። ዘግይቶ የመጣ ፊርማ እንዲህ በቀላሉ ይቀደዳል፤ ከመጀመሪያው ማንም አልጠበቀውምና።

በ1991 የወጣው ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፈነ። ውሳኔው በጽሑፍ ይሁን፤ ጊዜ ከሌለ ቃሉ ወዲያው ይመዝገብና በ48 ሰዓት ውስጥ ይጻፍ፤ ያለፈን ድርጊት ማጽደቅ አይቻልም፤ የአገሪቱን ሕገ መንግሥትና ሕግ የሚጥስ ነገርም ሊፈቀድ አይችልም። ከሁሉም አንድ ብቻ ምረጥ ብባል «ያለፈን ማጽደቅ አይቻልም» የምትለዋን እመርጣለሁ።

ኮንግረስ «አይሆንም» ማለት ይችላል?

በቀጥታ አይችልም፤ ይነገረዋል እንጂ ፈቃዱ አይጠየቅም። እጅግ ጥብቅ ከሆነ ደግሞ ለስምንት የኮንግረስ መሪዎች ብቻ ይነገራል። ኃይሉ ያለው በበጀት ላይ ነው። በ1976 በአንጎላ ለሚካሄደው ስውር ዘመቻ ገንዘብ ከለከለ፤ ክልከላው እስከ 1985 ጸንቷል።

መነገር ራሱ ግን ቀላል ነገር አይደለም። በ1984 የኒካራጓ ወደቦች ላይ ፈንጂ መጠመዱን በወጉ አልተነገረንም ብለው ለሲ.አይ.ኤ. ኃላፊ የቁጣ ደብዳቤ የጻፉት የሴኔቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ባሪ ጎልድዋተር የፕሬዚዳንቱ የራሳቸው ፓርቲ ሰው ነበሩ።

እንግሊዝስ?

በ1994 ሕግ መሠረት በውጭ አገር ለሚፈጸም ድርጊት ሚኒስትር ይፈርማል። ለስልክና ለመልእክት ጠለፋ ደግሞ ከ2016 ወዲህ የሚኒስትሩ ፊርማ ብቻ አይበቃም፣ ዳኛም ማጽደቅ አለበት። ይህን ስናገር ከዘጌ የመጣ ወንድማችን «እንደ ገዳሙ ዕቃ ቤት፣ አንዱ ያለ ሌላው ቁልፍ አይከፍትም» አለ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

ምስጢር የሚያውቅ ሰው ሲበዛ አይሾልክም?

ሊሾልክ ይችላል። በዚህ ምክንያት በሥራው ላይ የተሰማሩ ሰዎች ሕይወት አደጋ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ፍርሃቱን አላጣጥልም። ነገር ግን የምንናገረው ስለ ጥቂት፣ ምስጢር ለመጠበቅ ስለማሉ፣ በዝግ ክፍል ስለሚሰበሰቡ ሰዎች ነው እንጂ ነገሩ አደባባይ ይነገር የሚል የለም።

የእኛ ሕግ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የሕግ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት እንደገና የተቋቋመበት አዋጅ ቁጥር 804/2005 መሥሪያ ቤቱን ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ያደርገዋል፤ በሰው ላይ ለሚደረግ ክትትልም የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ንዑስ አንቀጽ 17 ምስጢር ለሆኑ ጉዳዮችም እንደሚሠራ አምናለሁ፤ «ከምስጢር በቀር» የሚል ቃል የለበትምና። የምመኘው ምስጢር ለመጠበቅ የማለ፣ ተቃዋሚም ያለበት፣ ሰነዱን ከነቀኑ ማየት የሚችል አነስተኛ ኮሚቴ ነው።

የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ከየት ልጀምር?

ከቸርች ኮሚቴ የኖቬምበር 1975 ሪፖርት ጀምር፤ ለሕዝብ ክፍት ነው። በቀጥታ ወደ ኮንጎው ምዕራፍ ሂድ። እርሳስ ይዘህ «ማን አዘዘ» የሚል ጥያቄ በተነሣበት ሁሉ ዳር ላይ ምልክት አድርግ፤ ከዚያ የ1991ዱን ሕግ አጠገቡ አስቀምጥና የሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ይዘኸው ና።