ኦርደር ለደረሳችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በአሜሪካ ጦር ውስጥ ለምታገለግሉና ኦርደር፣ ማለትም ወደ ሌላ የጦር ሰፈር የመዛወሪያ ትዕዛዝ፣ ለደረሳችሁ የሃበሻ ልጆችና ለትዳር አጋሮቻችሁ ነው። ወታደርም ሆኜ፣ የወታደር ሚስትም ሆኜ ከቤዝ ወደ ቤዝ ተንከራትቻለሁ። ዩኒፎርሙን ካወለቅኩ በኋላ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት የወታደር ቤተሰብ ዕቃ በሚላክበት የትራንስፖርቴሽን ቢሮ ነው። የብዙ ሰው ፒሲኤስ፣ ማለትም የቋሚ ምደባ ዝውውር፣ በእጄ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው፣ ተፈላጊ ቋንቋ ወይም ሙያ ያላቸውን የውጭ ዜጎች ወደ ጦሩ የሚመለምለው የማቭኒ ፕሮግራም አማርኛ ተናጋሪዎችንም ይቀበል ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ የእኛን ልጆች ስም ፎርም ላይ ማየት እየተለመደ መጣ። ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። አብዛኛውን ጊዜ ወታደሩ የሚመጣው ብቻውን ነው።

“ባለቤትህስ?” እለዋለሁ። “ቤት ናት። በዚህ ነገር ላስጨንቃት አልፈለግኩም” ይለኛል። ሴት ወታደሮቻችንም ከባሎቻቸው ጋር የሚያደርጉት ያው ነው። ከፍቅር የመጣ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ቤተሰቡን የሚጎዳው ይኸው ነው። ኦርደሩ በአንድ ሰው ስም ይወጣል፣ ከቦታው የሚነቀለው ግን ቤቱ በሙሉ ነው። ወረቀቱን፣ ቀኑን፣ ገንዘቡንና ውሳኔውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለታችሁም እኩል ያዙት። ሌላው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

“እስኪረጋገጥ ድረስ አልናገርም” የምትሉ አላችሁ። ኦርደሩ እጃችሁ ሳይገባ ዕቃ አይላክም፣ እሱ ልክ ነው። ወሬው ግን ቤት ውስጥ ቀድሞ ይግባ። ከግንቦት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ባለው በፈረንጆቹ በጋ ጦሩ በሙሉ ነው የሚንቀሳቀሰው። የጭነት ቀን ፈልጎ ማጣት ያን ጊዜ ነው። ሚስት ነገሩን በመጨረሻው ሰዓት ከሰማች፣ የልጁን የትምህርት ቤት ፋይል፣ የሐኪም ቀጠሮውን፣ የሥራ መልቀቂያዋን በአንድ ሳምንት ልትጨርስ ነው። በዚያ ላይ ወታደሩ ልምምድ ላይ ሊሆን፣ ወይም ቀድሞ ሄዶ ሪፖርት ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ቤዙ ውስጥ ወዳለው የሕግ ቢሮ ሂዱና የውክልና ወረቀት አሠሩላት። ነፃ ነው። ያለዚያ ጭነኞቹ በር ላይ ቆመው “የወታደሩ ፊርማ የት አለ?” ሲሏት የምትለው ታጣለች።

የማሸጊያውን ቀን ላሳያችሁ። ጠዋት ሦስት አራት ሰዎች ካርቶንና ወረቀት ይዘው ይገባሉ። በጣም ፈጣኖች ናቸው። ከፊታቸው ያገኙትን ሁሉ ያሽጋሉ፤ የቆሻሻ ቅርጫት ከነቆሻሻው ታሽጎ ሲደርስ አይቻለሁ። ስለዚህ ፓስፖርት፣ የልደት ወረቀት፣ ወርቅ፣ የመኪና ቁልፍ፣ መድኃኒት ከዋዜማው መኪና ውስጥ ይግባ። ወይም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆልፉበትና በሩ ላይ “አይነካ” ብላችሁ ለጥፉ። አንደኛው ሰውዬ ደግሞ ዕቃው ላይ ቁጥር ያለው ስቲከር እየለጠፈ ኢንቬንተሪ፣ ማለትም የዕቃ ዝርዝር፣ ይጽፋል። ከያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ አጫጭር ፊደላት ያስቀምጣል፤ ተጭሯል፣ ተሸርፏል፣ ተሰብሯል ለማለት ነው። የፊደላቱ ፍቺ ከወረቀቱ አናት ላይ ተጽፏል። ደህናውን ሶፋችሁን “አራቱም ጎኑ የተቀደደ” ብሎ ከጻፈና ዝም ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ በኋላ ቢቀደድ የምትጠይቁበት መሬት የላችሁም። አንብቡ። ካልተስማማችሁ እዚያው ወረቀቱ ላይ፣ ከፊርማው በላይ፣ “አልስማማም” ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉ። መብታችሁ ነው። የእኛ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ውሃና ምሳ አቅርቦ፣ አመስግኖ፣ ሳያነብ ይፈርማል። ምሳውን አቅርቡ፣ ደግ ነው። ግን አንብቡ።

ዕቃው ሲደርስም እንዲሁ ነው። አንዳችሁ በሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ቁጥሩን በወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ አመልክቱ፣ ሌላው ቤት ውስጥ ካርቶኑ የት እንደሚቀመጥ ይንገር። የተሰበረ ወይም የጎደለ ነገር ካለ ዕቃው በደረሰ በ180 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሙሉውን የመተኪያ ዋጋ ለማግኘት ደግሞ የካሳ ጥያቄውን በዘጠኝ ወር ውስጥ ማስገባት ነው።

ክብደትን በተመለከተ፣ ቤተሰብ ላለው የኢ-5 ማዕረግ ወታደር የተፈቀደው 9,000 ፓውንድ ነው። ለኢ-4 ደግሞ 8,000። ብዙ ይመስላል፣ ግን ቶሎ ይሞላል። የእኛ ቤት ጋራዥ ውስጥ ወደ አገር ቤት ይላካል ተብሎ የተጠራቀመ ልብስና ጫማ አይጠፋም። ከመታሸጉ በፊት ላኩት ወይም ስጡት። ከተፈቀደው በላይ ያለው ክብደት ከደመወዛችሁ ነው የሚቆረጠው። በራሳችን መኪና እንጭናለን ካላችሁ ባዶውንና ጭነቱን በሚዛን አስመዝናችሁ ሁለቱንም ደረሰኝ ያዙ። ትራክ የሚነዳ ዘመድ የሌለው ሃበሻ ጥቂት ነው፤ ሚዛኑ የት እንዳለ እሱ ያሳያችኋል።

አሁን ወደ ወጥ ቤቱ። እርሾ፣ ዘይት፣ የተከፈተ ምግብ ጭነኞቹ አይወስዱም። ጀበናና ስኒ ከእጅ ባይለዩ ጥሩ ነው። ወደ ጀርመን የምትሄዱ ከሆነ ንጥር ቅቤውን እዚሁ ጨርሱት፤ የአውሮፓ ኅብረት የወተት ውጤት ከውጭ ይዞ መግባት አይፈቅድም። የኤሌክትሪክ ምጣዱም ጉዳይ አለ። እዚህ የገዛችሁት ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። ጀርመን 230፣ ኮሪያ 220 ነው። እንዲሁ ብትሰኩት ይቃጠላል። ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚወስድ ትንሿ መቀየሪያ አትችለውም፤ ትልቅና ከባድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ለአገሩ መብራት የተሠራ ምጣድ ከዚያው ብትፈልጉ ይሻላል። ስለ ምጣድ ይህን ያህል የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ ቤት ገብታ በመጀመሪያው ሳምንት እንጀራ መጋገር የቻለች እናት ቤቱን ቶሎ ቤት ታደርገዋለች።

አሁን ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር ላይ ደረስኩ። ልጃችሁ ንግግር የዘገየበት፣ ኦቲዝም ያለበት፣ አስም የሚያስቸግረው፣ ወይም ልዩ ክትትል የሚፈልግ ከሆነ፣ እባካችሁ አትደብቁ። ጦሩ ኢኤፍኤምፒ የሚባል ፕሮግራም አለው። ልዩ የሕክምና ወይም የትምህርት ድጋፍ የሚያስፈልገው የቤተሰብ አባል ያለው ወታደር መመዝገብ ግዴታው ነው። ወደ ውጭ አገር ቤተሰብ ይዞ ለመሄድ ደግሞ ሁሉም የቤተሰብ አባል አስቀድሞ ይጣራል። በእኛ ዘንድ “ሰው ምን ይለኛል” አለ፤ “ሥራዬን ያበላሽብኛል” የሚል ፍርሃትም አለ። ፍርሃቱን አልንቅም። ግን የተደበቀው ነገር ሲመጣ የሚመጣው በመጥፎ ጊዜ ነው። ቤቱ ተለቆ፣ ዕቃው ተጭኖ የቤተሰቡ ጉዞ ሲከለከል አይቻለሁ። ከዚያ የከፋው ደግሞ ደርሰው ሐኪሙ የሌለበት ቦታ ላይ ሲቀሩ ነው። ልጁ የሚናገርበት ዓመት ያልፋል። ያ ዓመት በኋላ በገንዘብ አይገዛም። ስለዚህ እናት “ልጄ አንድ ነገር ይጎድለዋል” ስትል አባት “አድጎ ይተወዋል” ብሎ አይዝጋባት። አብራችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ወረቀቱ ይሞላ፣ ከዚያ ምደባውን ከዩኒታችሁ ጋር ተነጋገሩ።

እናታችሁ አብራችሁ የምትኖር ከሆነም ቀድማችሁ አስቡ። ለእኛ እናት ቤተሰብ መሆኗ አያጠያይቅም። ጦሩ ግን የሚያውቃት በወረቀት ነው። ከግማሽ በላይ ወጪዋን እናንተ እንደምትሸፍኑ አሳይታችሁ ጥገኛ ሆና ካልጸደቀች መጓጓዣዋን አይከፍልም፤ ኦርደሩ ላይም ስሟ አይወጣም። ይህ ወረቀት ጊዜ ይፈጃል። ኦርደር ሳይመጣ ጀምሩት። እሷንም ጠይቋት። “ልጆቼ ካሉበት” ማለቷ አይቀርም፤ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያኗን ወይም መስጊዷን፣ ጎረቤቷን፣ በአማርኛ የምታወራበትን ሁሉ ትታ እንደምትሄድ አስቡላት።

ሚስቶቻችሁም እንዲሁ። ከፎርት ቤልቮር ወደ ፎርት ራይሊ የሄደችን ሴት አስቡ። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ አጠገብ ነበረች፤ ሃበሻ ሱቁ፣ ክትፎው፣ ጸጉር ቤቱ ሁሉ አጠገቧ። ካንሳስ ስትደርስ ከቤዙ አጠገብ ያለችው ከተማ ጀንክሽን ሲቲ ናት። ጥሩ ከተማ ናት፣ ሰዉም ቅን ነው። ግን መኪና የማትነዳ ሴት እዚያ ቤት ውስጥ ታሰረች ማለት ነው። መንጃ ፈቃድ የሌላት ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ታውጣ። ባልየው እናስተምራለን እያለ አያዘግይ፤ ትምህርት ቤት ክፈሉላት። ጀርመን ከሆነ ምደባው፣ ጦሩ የሚሰጠው ለብቻው ፈተና ስላለ መጽሐፉን አውሮፕላን ሳትሳፈር ታንብብ።

ሥራዋንም እንደ ትርፍ ነገር አትዩት። ከእኛ ሴቶች ብዙዎቹ ነርሶች ናቸው። ክፍለ አገር በተቀየረ ቁጥር ፈቃዱ ራስ ምታት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ግን የፌዴራሉ ሕግ ተሻሽሎ፣ የወታደር የትዳር አጋር በኦርደር ምክንያት ከሄደች የያዘችው የሙያ ፈቃድ በአዲሱ ስቴት እንዲታወቅላት መጠየቅ ትችላለች። አዲስ ፈቃድ ማውጣት ካስፈለጋትም ጦሩ እስከ 1,000 ዶላር ይመልሳል። ደረሰኝ ያዙ።

ግሪን ካርድ ያላት ሚስት ወደ ውጭ አገር የምትሄድ ከሆነ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርቷን የሚያበቃበትን ቀን ዛሬ እዩት፤ ማሳደስ ወራት ሊወስድ ይችላል። ሁለተኛ፣ እናንተ ዜጋ ከሆናችሁና የውጭ ምደባችሁ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ኦርደሩ ላይ ስሟ ወጥቶ አብራችሁ ስትሄድ የሦስት ዓመቱን ቆይታ ሳትጠብቅ ለዜግነት የምታመለክትበት ሕግ አለ። የቤዙን ጠበቃ አብራችሁ ጠይቁ። ይህን ባለማወቅ ብቻ ስንቱ ዕድሉ አልፎታል።

የቤት ኪራይ ውል አያስፈራችሁ። የፒሲኤስ ኦርደር ኮፒ ከጽሑፍ ማስታወቂያ ጋር ለአከራዩ ስትሰጡ ውሉን ያለ ቅጣት ማቋረጥ ትችላላችሁ፤ ከሚቀጥለው የኪራይ ቀን በኋላ 30 ቀን ሲሞላ ያበቃል። በቃል ብቻ አትንገሩት፣ ጻፉ።

ልጆችን በተመለከተ፣ የወታደር ልጆችን ትምህርት የሚመለከት የስቴቶች ስምምነት አለ፤ 50ውም ገብተውበታል። የክትባት ወረቀት ቢጎድል የ30 ቀን ጊዜ ይሰጣል፣ ልጁም የነበረበት ክፍልና ደረጃ ላይ ይቀጥላል። የትምህርት ማስረጃውን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በፖስታ አትጠብቁ። ይህ የወረቀቱ ነው። ለልጁ የሚከብደው ግን ጓደኛው ነው። ልጅ ሐዘኑን በቁጣ ሊያሳይ ይችላል። “ወንድ ልጅ አያለቅስም” አትበሉት። የጓደኛውን ወላጆች ስልክ ያዙለት፣ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ጥሩት፣ ከደረሳችሁ በኋላም አደዋውሏቸው። አዲሱን ቦታ በካርታ አሳዩት። ክፍሉን ራሱ ይምረጥ።

ኮሪያ፣ ካምፕ ሃምፍሪስ የተመደባችሁ ደግሞ ከሌላው ወታደር ሁሉ የምትለዩበት ነገር አላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በቃኘው ሻለቃ ስም እዚያ አገር ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ ሞተዋል። ቹንቾን ከተማ ውስጥ ሐውልት አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲመረቅ ንጉሡ ራሳቸው ተገኝተዋል። አጠገቡ ከዚያው ዓመት ጀምሮ የኢትዮጵያ ቡና የሚሸጥ ቤት አለ፣ የመታሰቢያ አዳራሽም አለ። ልጃችሁ አዲስ ትምህርት ቤት ገብቶ “ከየት ነህ?” ሲባል ለሚመልሰው መልስ ትልቅ ስንቅ ነው። ካምፑ ካለበት ከፒዮንግቴክ በባቡር፣ ሶውል ላይ ቀይራችሁ ትደርሳላችሁ። ቅዳሜ በጠዋት ከተነሳችሁ በዚያው ቀን ትመለሳላችሁ። ዕቃው ገና መርከብ ላይ እያለ፣ ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰሞን ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ።