የጎማ ንፋስ ቆጣሪውን ምን ያህል ያሳስተዋል?

ወንድሜ፣ የጎማዎችህ ንፋስ ከ32 ወደ 26 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ወርዶ እንዳገኘኸው ጽፈሃል። በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው መኪናህ 12 ላይ ወርዳለች፣ ፍጥነትና ኪሎ ሜትር የሚያሳየውን ቆጣሪም ተጠራጥረሃል።

ከቆጣሪው ልጀምር። ንፋስ ያነሰው ጎማ ትንሽ ዝቅ ስለሚል ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ትንሽ አብዝቶ ይዞራል። ቆጣሪው የሚያየው ዙሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱንም ኪሎ ሜትሩንም አብልጦ ያሳያል። ግን የዛሬ ጎማ ውስጡ በብረት ሽቦ የታሰረ ነው፤ ዙሪያው እንደ ፊኛ አይጠብም። እኔ በአዳማው ፈጣን መንገድ ስሄድ ቆጣሪዬ 100 ሲል ከጎኔ የነበረው ጓደኛዬ በጂፒኤስ 95 አነበበ። ቤት ገብቼ ጎማዎቹ 25 ሆነው አገኘኋቸው። 32 አስሞልቼ በሳምንቱ ስንሞክር 96 አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። የቀረው ልዩነት ከፋብሪካው የመጣ ነው፤ ቆጣሪ አሳንሶ እንዳያሳይ ስለሚከለከል ትንሽ አብልጦ እንዲያሳይ ተደርጎ ይሠራል። ይልቅ የጎማ ቁጥር፣ ማለትም ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን መጠን፣ ቀይረህ እንደሆነ ተመልከት። በ175/65 ባለ 14 ፋንታ 175/70 ከገባ ዙሪያው 3 በመቶ ይጨምራል። ያኔ ቆጣሪው ከሄድከው አሳንሶ ይቆጥራል፣ መኪናዋም ያለ ጥፋቷ ነዳጅ በላች ትባላለች።

ወደ ነዳጁ ስንመጣ፣ የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር የአራቱም ጎማ ንፋስ በ1 ፒኤስአይ ሲቀንስ 0.2 በመቶ ገደማ እንደሚባክን ይናገራል። ያንተ 6 ወደ 1.2 በመቶ ይመጣል። 15 የነበረው 14.8 ይሆናል እንጂ 12 አይደርስም። እኔንም እንዲሁ ግራ ሲያጋባኝ ከርሞ የፊት ቀኙ ፍሬን ይዞ ተገኘ። ጥቂት ነድተህ ቁምና መዳፍህን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋ፣ አትንካቸው። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ መካኒክ ጋ ውሰዳት።

ንፋሱን ግን ዛሬውኑ አስሞላ፣ እለምንሃለሁ። ነዳጁ ቀላል ነው። የላላ ጎማ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል። ሰው ጭነህ በአዋሽ ሙቀት ረጅም መንገድ ስትነዳ የሚፈነዳው እንዲህ ያለው ነው። ጎሚስታው በእግሩ ረገጥ አድርጎ «በቂ ነው» ቢልህ አትቀበል፤ የራስህን መለኪያ ግዛ። ጠዋት ሳትነዳ ለካ። ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩን በር ስትከፍት የተለጠፈው ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ በእሱ አታስሞላ።