ሥራም ልጆችም ይዤ ኮሌጅ ልግባ ወይ? ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 36 ዓመትሽ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉሽ፣ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ሰፈር አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነሽ፣ አካውንቲንግ በዲግሪ ለመማር ቅጹን ሞልተሽ ገና አላስገባሽም። «ማታ ይሻለኛል ወይስ ቅዳሜና እሁድ? ልጆቹስ? በዚህ ዕድሜ ከልጅ እግሮች ጋር መቀመጡስ አያሳፍርም?» ብለሻል። እኔ እዚሁ ድሬዳዋ በ2011 በ34 ዓመቴ ማታ ጀምሬ በ2016 ጨርሻለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የአንድ አስመጪ መጋዘን ስቶር ኪፐር ነበርኩ፤ ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ ከወሩ አብዛኛውን ቀን ቤት የለም። የምነግርሽ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

በመጨረሻ ከጠየቅሽው ልጀምር፣ ከማፈሩ። እኔን ከድካሙ ይልቅ የጎዳኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት መማሬን መሥሪያ ቤት ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም። አለቃዬ «ዲግሪ ልትይዝና ጥላን ልትሄድ ነው» ይላል ብዬ ፈራሁ፤ ባልደረቦቼም «አሁን ምን ቆርጧት ነው» ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። በየቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ልጄን ላመጣ ነው እያልኩ እወጣ ነበር። የመጀመሪያው ሴሚስተር በዚህ አለፈ። ችግሩ ሰኔ ላይ መጣ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የኛ መጋዘን ሰኔ መጨረሻ ላይ ይቆጠራል፤ የኮሌጁ የሁለተኛ ሴሚስተር ፋይናልም የወደቀው እዚያው ሳምንት ላይ ነው። የሒሳብ ፈተናዬ 12 ሰዓት ላይ ነበር። 10 ሰዓት ላይ አለቃዬ መጥቶ «ዛሬ ቆጠራው ሳያልቅ ማንም አይወጣም» አለ። እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ። ቢን ካርዱ፣ ማለትም የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ፣ 412 ካርቶን ሳሙና ይላል፣ የቆጠርኩት 409 ነው። ሦስቷን ካርቶን ፍለጋ መደርደሪያውን እንደገና ጀመርን። ሦስቱም ከሌላ ዕቃ ኋላ ተገኙ፤ ሲገኙ ሰዓቱ 1 ከሩብ ሆኗል። የመጋዘኑን በር ቆልፌ ባጃጅ ስይዝ እንባዬ እየወረደ ነበር፤ ሾፌሩ ሰው የሞተብኝ መስሎት ጸሎት አደረገልኝ።

በማግሥቱ ኮሌጁ «ከመሥሪያ ቤትሽ ደብዳቤ ካመጣሽ ሌላ ፈተና እናወጣለን» አለኝ። መማሬን ከማያውቅ መሥሪያ ቤት ምን ብዬ ደብዳቤ ልጠይቅ? አልጠየቅኩም። ኤፍ ተሰጠኝ። ያ ኮርስ ማታ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ስለነበር አንድ ዓመት ጠበቅኩ፣ ገንዘቡን ደግሜ ከፈልኩ፣ በሱ ላይ የተመሠረቱት ኮርሶችም አብረው ዘገዩ።

ሐምሌ ላይ ሄጄ ለአለቃዬ ነገርኩት። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ነበር ያለው፣ ሌላ ምንም አላለም። አጉረመረመ እንጂ አልከለከለኝም። ስለዚህ ቅጹን ከማስገባትሽ በፊት ለባለ ሱቁ ንገሪው። ለልጆችሽም፣ ለጎረቤቶችሽም፣ ለእናትሽም ንገሪ። የተደበቀ ትምህርት ማንም መንገድ አይለቅለትም፤ ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ሁሉም «ነይ» ይልሻል፣ አንቺም ሰበብ የለሽም። ካወቁ ግን «እሷ ፈተና ላይ ናት» እያሉ ራሳቸው ይሟገቱልሻል።

ፈቃድን በተመለከተ ይቺን ያዢ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። የትምህርት ፈቃድን ግን ሕጉ ለኅብረት ስምምነትና ለድርጅቱ የሥራ ደንብ ነው የተወው፤ የኛ ድርጅት ደግሞ ምንም አልነበረውም። እኔ የዓመት ፈቃዴን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለጥር ፋይናል፣ ግማሹን ለሰኔ ፋይናል ማድረግ ጀመርኩ። የፈተና ፕሮግራሙ በወጣበት ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ከማመልከቻ ጋር አስገባለሁ። ቆጠራውንም ሰኔ 15 ላይ መደርደሪያ በመደርደሪያ እንድንጀምር ሐሳብ አቀረብኩ፤ አለቃዬ ተስማማ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሰኔ 29 ላይ አላመሸም።

አሁን ማታ ወይስ ቅዳሜና እሁድ። ብዙ ሰው «ማታ ይሻላል» ይልሻል፣ ለቢሮ ሠራተኛ እውነት ነው። ለሱቅ ሠራተኛ ግን የድሬን ጠባይ አስቢው። ከተማችን የምትነግደው ፀሐይ ስትበርድ ነው። ከቀትር በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ለምሳና ለበርጫ ይበተናል፣ 10 ሰዓት አካባቢ ይከፈትና ገበያው እስከ ምሽት ይደምቃል። የማታ ክፍል የሚጀምረው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ካሸር የምትፈለገው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት። ባለ ሱቁ ማታ ማታ የሚተካሽ ሰው ከሌለው በየሳምንቱ ስትጨቃጨቂ ትኖሪያለሽ። ቅዳሜና እሁድ ከሆነ የምትለምኚው የቅዳሜን ቀን ብቻ ነው፤ እሱን በጠዋት ፈረቃ ወይም በደመወዝ መደራደር ይቻላል። ለኔ ቅዳሜ መጋዘኑ ዕቃ የሚረከብበት ቀን ስለነበር ማታን መረጥኩ። አንቺ ግን ቅዳሜና እሁድን በደንብ አስቢበት።

የቀትሩን እረፍት ደግሞ እንደ ወርቅ ያዢው። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ከተማው ዝም ሲል እኔ መጋዘኑ ውስጥ ቬንትሌተር ሥር አሳይመንት እሠራ ነበር። ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን አልችልም፤ ሙቀቱ ጭንቅላት ይይዛል፣ ያነበብኩት ሁሉ ይጠፋኛል። ያን ጊዜ የማጠናው ጎህ ሳይቀድ ነው። ለገሃሬ ቤታችን በረንዳ አለው፤ የሱብሒ አዛን ሲሰማ ተነስቼ ሻይ ጥጄ እዚያ እቀመጣለሁ። ልጆቹ እስኪነሱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አገኛለሁ። መብራት ቢጠፋም በዚያ ሰዓት አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ የስልክ ባትሪ ይበቃል። አካውንቲንግ ደግሞ ተኝተሽ በማንበብ አይገባም፤ እስክሪብቶ ይዘሽ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው መሥራት አለብሽ። እኔ በቀን አንድ ጥያቄ፣ አንድ ብቻ፣ ግን ሚዛኑ እስኪመታ ድረስ እሠራ ነበር።

ከልጆች ጋር መቀመጡ ያሳፍራል ወይ ላልሽው አንድ ቀን ላሳይሽ። ሁለተኛ ዓመት ላይ መምህራችን ስለ ንብረት አመዘጋገብ ያስተምራል። ፊፎ የሚባለውን፣ መጀመሪያ የገባው ዕቃ መጀመሪያ ይወጣል የሚለውን ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ልጆቹ ትርጉሙን በቃል ሊይዙ ይገለብጣሉ። እኔ እጄን አውጥቼ «እኛ ጋ ሳሙና እንደዚህ ነው የሚወጣው፣ አሮጌው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ፤ ዋጋ ሲጨምርም ቀድሞ የሚወጣው በድሮው ዋጋ የገባው ነው» አልኩ። መምህሩ ቾኩን ሰጥቶኝ ቢን ካርድ ምን እንደሚመስል ሰሌዳው ላይ እንድሥል አደረገኝ። ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። ዘጠኝ ዓመት በእጄ ስሞላው የኖርኩት ካርድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ «ማዘር፣ እዚህ ጋ ነይ» እያሉ ከጎናቸው ቦታ ይይዙልኝ ነበር። አንቺም በየማታው ካዝና ስትዘጊ፣ ከደረሰኝ ጋር ስታመሳክሪ፣ የጎደለውን ስትፈልጊ ኖረሻል። እነሱ በወረቀት የሚያዩትን አንቺ በእጅሽ ሠርተሽዋል። አቦ፣ እሱን ይዘሽ ግቢ!

እነሱ ደግሞ የሚበልጡሽ ነገር አለ፤ ኤክሴልና ፓወር ፖይንት። ግሩፕ ወርክ ሲሰጥ ስሌቱን እኔ፣ ኮምፒውተሩን እነሱ እያልን ነበር የምንከፋፈለው። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር፣ በኋላ ግን ስህተት መሆኑ ገባኝ፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። አብሮ መማሩ ግን ራሱ ይናፍቃል። ረመዳን ላይ መምህሩ መግሪብ ሲደርስ ትምህርቱን ያቋርጣል፣ ተምርና ሳምቡሳ ወንበር ላይ ይዘረጋል፣ የሚጾመውም የማይጾመውም አብሮ ይቀምሳል፤ ከዚያ ወደ ዴቢትና ክሬዲት እንመለሳለን። ማታ ስንወጣ ባጃጅ ዋጋ ስለሚጨምር ወደ ሳቢያንና ወደ ለገሃሬ የምንሄደው እየተጠራራን ባንድ እንሳፈር ነበር፤ ለደኅንነትም ይሻላል።

ልጆችሽ። ይሄ ከባዱ ነው፣ አልዋሽሽም። ሴቷ ልጄ ያኔ 10 ዓመቷ ነበር፣ ወንዱ 6። ማታ ማታ ጎረቤቴ ጋ ይቆያሉ፤ እኔ በፋንታው የሷን ልጆች ጠዋት ከኔዎቹ ጋር ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ገንዘብ አልተከፋፈልንም፣ ግን ሒሳቡ እኩል እንዲሆን ሁለታችንም እንጠነቀቅ ነበር። እንጀራ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ እሁድ ጠዋትና ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ እጋግራለሁ፤ እንደምታውቂው በድሬ ሙቀት ብዙ ጋግረሽ ብታስቀምጪው ይሻግታል። ልብስ ቅዳሜ ማታ። ከእሁድ ምሳ በኋላ ግን ደብተር አልነካም። ፋይናል ነገ ቢሆንም አልነካም። ከዚራ እንወርዳለን፣ ጥላ ሥር እንቀመጣለን፣ ጁስ እንጠጣለን፣ የሳምንቱን ይነግሩኛል። ወንዱ ልጄ አንድ ጊዜ «እማ፣ እሁድ ባይኖር አናውቅሽም ነበር» አለኝ። ልቤን ወጋኝ። ያን ሴሚስተር ሊሰጠኝ ከነበረው አምስት ኮርስ ሁለቱን ቀነስኩ፤ በዚያ ምክንያት መዘግየቴን አንድም ቀን አልቆጨኝም። ሴቷ ግን እያደገች ስትመጣ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዋን ያጠናችው ከኔ ጋር በረንዳው ላይ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ሁለታችን ባንድ ጠረጴዛ፣ አንዳችን ስናንቀላፋ ሌላችን ሻይ እያፈላን።

አንቺም መጀመሪያ ላይ ኮርስ አታብዢ። ክፍያው በክሬዲት ስለሆነ ሦስት ኮርስ መውሰድ ለኪስም ይቀላል። ማስጠንቀቂያ ውስጥ ከገባሽ፣ ማለትም ውጤትሽ ኮሌጁ ከሚጠይቀው በታች ከወረደ፣ ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት ከሁሉ ይብሳል። ሥራው ወይም ቤቱ አንድ ሴሚስተር ካላፈናፈነሽ ደግሞ ዝም ብለሽ አትጥፊ፤ ዊዝድሮው፣ ማለትም የማቋረጫ ቅጽ፣ ሞልተሽ ውጪ፣ ትመለሻለሽ። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ ከክፍላችን ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። ስንጀምር 43 ነበርን፣ አብረን የጨረስነው 19 ነን። ከቀሩት ውስጥ ከኔ የሚበልጥ ጭንቅላት የነበራቸው አሉ፤ ስልክ ስንደውልላቸው «አሁንማ አፈርኩ» ነው የሚሉት።

የመውጫ ፈተናን ከመጀመሪያው ቀን አስቢው። ከ2015 ጀምሮ የመንግሥትም የግልም፣ መደበኛም ማታም ተማሪ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። የሚጠየቀው ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ ከተማርሽው ነው፤ ኮስት አለ፣ ኦዲቲንግ አለ፣ ግብር አለ። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ሃንድአውቶቼን ለአንዲት ልጅ ሰጥቻት ስለነበር እንደገና መልቀም ነበረብኝ። ፈተናው ደግሞ በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩን ለልጆቹ ትቼ ኖሬ በሞዴሉ፣ በመለማመጃው ፈተና ላይ፣ ማውሱን እስክለምድ ጊዜዬ አለቀ፤ ሰባት ጥያቄ ሳልነካ ቀረ። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ በምሳ ሰዓት ቢሮ ያለውን ኮምፒውተር እየለመንኩ ተለማመድኩ፣ ዋናውን አለፍኩ። ስለዚህ ግሩፕ ወርክ ላይ ኮምፒውተሩን አንቺ ያዢው፣ ልጆቹ ቁጥሩን ይንገሩሽ።

አንድ የቀረኝ። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ኮሌጁ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አረጋግጪ፤ ፈቃድ የሚሰጠው በትምህርት ዓይነትና በካምፓስ ነው፣ ስለዚህ «ፈቃድ አለን» ሲሉሽ «ለአካውንቲንግ? እዚህ ካምፓስ?» ብለሽ ወረቀቱን አስወጪ። የምትገቢው በቴክኒክና ሙያ ሌቭል አራት ከሆነ ሲኦሲሽን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫሽን፣ ከአሁኑ አዘጋጂ፤ መጨረሻ ላይ በሱ የተንገላቱ ጓደኞች አሉኝ።

ሃንድአውቶቼን አሁን አልሰጥም ብዬ አስቀምጫቸዋለሁ፣ ላንቺ ግን አውጥቼልሻለሁ። የመጀመሪያ ዓመቶቹ ሙሉ ናቸው፣ ካልኩሌተሩም ይሠራል። ባለ ሱቁ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝና ቅዳሜ ማታ መጥተሽ ትወስጃለሽ፤ እሁድ ከሰዓት አልገኝም።