ከላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ

ልጆቼ፣

ጋሼን ከቀበርን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ሌላው ሰው ፓስተር ይላቸው ነበር፤ ለእኛ ለሐሙስ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ተማሪዎቻቸው ግን ሁልጊዜም ጋሼ ናቸው። የቀብራቸው ዕለት ጅማ ከጠዋት ጀምሮ ስትዘንብ ዋለች። ድንኳኑን ሲተክሉ ልብሳቸው የበሰበሰው ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ናቸው። መዝሙሩ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተዘመረ፤ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ከሳቸው ጋር የተዋወቅነው በደርግ ጊዜ፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ሰው በየቤቱ ተደብቆ በሚጸልይበት ዘመን ነው። ጫማችንን ደጅ አንተውም ነበር፤ በር ላይ የተደረደረ ጫማ ያጋልጣል። መዝሙር በሹክሹክታ፣ ለአሥር ሰው አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ እሱም የ1954ቱ ትርጉም።

አንድ ቀን ኤርምያስ 29፥11ን በቃሌ አልኩት። የሰላም አሳብ፣ ፍጻሜና ተስፋ የሚለውን፣ እናንተም በየስልካችሁ የምትለጥፉትን። ጋሼ በጸጥታ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ከላዩስ ምን ይላል?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ቁጥር 10 ሰባ ዓመት ይላል። ደብዳቤው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ ከመካከላቸው ያረጀው ሁሉ መመለሱን በዓይኑ አያይም። ቁጥር 5 ደግሞ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ ይላቸዋል። ይህን ካስነበቡን በኋላ ጓሮ ወስደው በዚያ ክረምት የተከሏቸውን የቡና ችግኞች አሳዩን። ቡና ፍሬ እስኪይዝ ሦስት አራት ዓመት እንደሚፈጅ ለጅማ ልጅ አይነገረውም። እሳቸው በማንኛውም ቀን ሊታሰሩ የሚችሉ ሰው ነበሩ። ይተክሉ ነበር።

ዓመታት አልፈው ፋርማሲስት ሆንኩ። በሥራዬ መጀመሪያ ሰሞን፣ የመድኃኒት ማዘዣ የላይኛውን መስመር ብቻ አይቼ ለአንድ ሕፃን የአዋቂ መጠን ልሰጥ ነበር። ከታች ኪሎው ተጽፏል፤ አላነበብኩትም። እናትየው ደግማ ባትጠይቀኝ ኖሮ ምን ሊሆን እንደነበር ዛሬም ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል። ማታ ጋሼ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። አልተቆጡኝም። አብረውኝ ጸለዩና፣ «ነገ ጠዋት ማልደህ ግባ፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ሁለቴ አንብብ» አሉኝ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ሁለቴ አነበብኩ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው፤ ጥቅስ አትቦጭቁ። ምዕራፉን ሙሉውን አንብቡ፣ ቀስ ብላችሁ፤ ባልገባችሁ ቦታም ቁሙ። ሽማግሌዎቻችሁንም በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። ጋሼ የሮሜን መልእክት ሲያስተምሩ ድምፃቸውን ልቅዳ፣ ልቅዳ እያልኩ ስንት ዓመት አሳለፍኩ! ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። አሁን የቀረኝ ያ የደብተሬ ቁርጥራጭ ማስታወሻ ነው፤ ግማሹን ራሴም ማንበብ አልችልም።

ከቀብር በኋላ ልጃቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አሳየችኝ። ጀርባው በፕላስተር ተያይዟል። ኤርምያስ 29ን ገለጥኩ። በእርሳስ የተከበበው ቁጥር 10 ነው፤ 11 ላይ ምንም ምልክት የለም።

ሐሙስ በ11 ሰዓት እዚያው ጋሼ ቤት ሳሎን እንሰበሰባለን። ቁጥር 14 ላይ ቆመናል። መጽሐፍ ቅዱስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ስልክ ላይ ያለውም ይሆናል፤ ቡናው ከጓሮው ነው።